ክርክር፦ ቤት ውስጥ ሙዚቃ በሄድፎን ወይስ በስፒከር? አምፕሊፋየሩስ ግድ ነው?

ከሆጤ፦
የምኖረው ደሴ፣ አምስት ቤተሰብ በተከራየበት ግቢ ውስጥ ነው። ግድግዳችን አንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በስፒከር ሙዚቃ ከፍቼ ሳለ የጎረቤቴ እናት በሬን አንኳኩና «ልጄ፣ ሕፃኑ ገና አሁን መተኛቱ ነው» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። አሁን ስፒከሩን ሸጬ ጥሩ ሄድፎንና አምፕሊፋየር (ሄድፎኑን የሚገፋ፣ የድምፅ ኃይል የሚያጎላ መሣሪያ) ልገዛ ነው። አቋሜ ይሄ ነው፦ ተጠጋግተን በምንኖርበት ከተማ፣ ቤት ውስጥ ሙዚቃ መሰማት ያለበት በሄድፎን ነው። የማይስማማ ይከራከረኝ።

ከሰኞ ገበያ፦
ወንድሜ፣ እኔ አልስማማም። ወሎ ውስጥ አድገህ ዘፈን ለብቻ ይሰማ ትላለህ? ቡናው ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ ሰው ተሰብስቦ፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል አይደል የምናውቀው? ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት የአገራችን ስም ናቸው፤ የሰው ናቸው። መንዙማማ ጭራሽ! ድቤው ደረትህን ካልመታህ፣ ተቀባዮቹ ከዚህም ከዚያም ካልከበቡህ ምኑን ሰማኸው? ድምፁን ቀንስ፣ ስፒከርህን ግን አትሽጥ።

ከፒያሳ፦
«ቀንስ» ማለት መፍትሔ አይሆንም። ግድግዳ አልፎ የሚሄደው ቤዙ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጎረቤት ዘፈኑን ሳይሆን ዱም ዱሙን ነው የሚሰማው። ድምፁን ስትቀንስ ደግሞ ጆሯችን መጀመሪያ የሚያጣው ያንኑ ቤዝ ስለሆነ አንተም ጎዶሎ ነገር ትሰማለህ። ሁለታችሁም ትከስራላችሁ።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በሄድፎን ነው የምሰማው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያገለገለ ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 ሰጠኝ፤ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሞዴል ነው። መጀመሪያ ስልክ ላይ ስሰካው ድምፁ የታፈነ መሰለኝና አዘንኩ። ኦሙ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም፣ 300 ነውና ስልኩ አልገፋውም። ትንሽ አምፕሊፋየር ገዝቼ የመሰንቆ ቅጂ ከፈትኩ። የደጋኑ ጭራ ክሩ ላይ ሲፋተግ ያለው ሻካራነት፣ አዝማሪው ቃሉን ከማውጣቱ በፊት የሚስባት አጭር ትንፋሽ፣ ጣቱ ክሩን ሲለቅ የምትቀረው ድምፅ፣ ሁሉም ተሰማኝ። ያንን ቅጂ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ትንፋሿን ግን ሰምቻት አላውቅም ነበር። አምፕሊፋየር ግድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከኮምቦልቻ፦
ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። የፒያሳው ወንድሜ ስለራሱ ሄድፎን ልክ ነው፣ ለሁሉም ግድ ነው ማለቱ ግን ሰው ያከስራል። በስሌት እንየው። 1 ቮልት የሚያወጣ ስልክ 300 ኦም ላይ የሚሰጠው 3.3 ሚሊዋት ብቻ ነው፤ እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 50 ኤክስ ያለ ባለ 38 ኦም ሄድፎን ላይ ግን 26 ሚሊዋት ይሰጣል። ድምፁን በ10 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ለመጨመር አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ካርቶኑ ላይ ኦሙን አንብብ፤ ከጎኑ ስንት ዲሲቤል እንደሚል፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ፣ ደግሞ እይ፤ ኦሙ ብቻውን አይነግርህም። ብርህ ለሁለቱ ካልበቃ ሄድፎኑን አስቀድም። ከሄድፎን ሄድፎን ያለው ልዩነት ደህና ከሆኑ ሁለት አምፕሊፋየሮች ልዩነት በእጅጉ ይበልጣል።

አምፕሊፋየር ከገዛህም የራሱ የመውጫ ኦም ከሄድፎኑ አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ተጠንቀቅ፤ ለ38 ኦም ከ5 በታች ይሁን። አለዚያ የድምፁ ሚዛን ሊዛባ ይችላል። ሌላው የመብራታችን ነገር ነው። ብዙ ሰው «አምፕሊፋየሬ ይጮኻል» ብሎ ያመጣልኛል። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ስነቅለው ጩኸቱ ፀጥ የሚልበት ጊዜ አለ። ሶኬቱ ግራውንድ የለውም፤ አምፕሊፋየሩ ምንም አልሆነም። ከስልክ ወይም ከራሱ ባትሪ የሚሠራ ትንሽዬ ዳክ (ዲጂታሉን ፋይል ወደ ድምፅ ሲግናል የሚቀይር) ያለው አምፕሊፋየር ለእኛ ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋም ያሰማሃል።

ከቧንቧ ውሃ፦
እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ስለ ኃይል ስታወሩ ስለ ጆሮ ማንም አላነሳም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ 80 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ 90 ከደረሰ 4 ሰዓት ብቻ። ስፒከር ሲጮህ ጎረቤት ያንኳኳል፤ ሄድፎን ሲጮህ ማን ያንኳኳል? ትልቁ ልጄ ስጠራው አይሰማኝም፣ እንጀራ ይዤ ፊቱ እስክቆም ድረስ። ኤችዲ 600ም ጀርባው ክፍት ስለሆነ ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሰው አጠገብህ ተኝቶ ከሆነ ዝግ የሆነውን ውሰድ።

ከፒያሳ፦
እህቴ፣ ይሄ እውነት ነው። ዝግ ያልሆነ ሄድፎን ለብቻ ክፍል ነው፤ መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ።

ከሰኞ ገበያ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው የምንወደው የድሮ የወሎ ዘፈን ከካሴት የተገለበጠ ነው። ውድ ሄድፎን የካሴቱንም ሽሽታ አጉልቶ ያመጣል። ብዙ ብር ከማውጣትህ በፊት የምትሰማውን ፋይል አጣራ። በዋናው ነገር ግን አቋሜ አልተለወጠም፤ ዘፈን ከሰው ጋር ነው።

ከሆጤ፦
አብሽር፣ ስፒከሩን አልሸጥም። ቅዳሜ ቀን ለቡና ይከፈታል፤ የጎረቤቴንም እናት እጠራቸዋለሁ። ለማታ ግን ሄድፎን እገዛለሁ፣ ያውም ዝግ፣ ኦሙ ዝቅ ያለ። አምፕሊፋየሩን ለጊዜው ትቼዋለሁ። የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ ሱቅህ 300 ኦም የሆነ ካለ እሑድ ወርጄ ከ38ቱ ጋር በአንድ ቅጂ ላወዳድረው። የመሰንቆውን ፋይል ፒያሳ ላክልኝ፤ ያቺን ትንፋሽ በሁለቱም መስማት እፈልጋለሁ።