ለእንጨት ሥራ ጋራዥ የሚሆን የኤልኢዲ ቱቦ

ጥያቄ፦ አዘዞ፣ ጎንደር ውስጥ፣ በግቢያችን ጋራዥ የእንጨት ሥራ እሠራለሁ። ክፍሉ 6 በ4 ሜትር ሲሆን ያሉት መብራቶች ባለ 120 ሳንቲ ሜትር ሁለት አሮጌ ፍሎረሰንቶች ናቸው፤ በክረምት በሩን ስዘጋው በእርሳስ ያሰመርኩትን እንኳ ማየት ይቸግረኛል። በነዚያው ማቀፊያዎች ላይ የኤልኢዲ ቱቦ ብቀይር ይበቃኛል?

ምላሽ 1፦ ወንድሜ፣ ሁለት ቱቦ አይበቃዎትም። ባለ 18 ዋት ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ 1800 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ስለሚሰጥ፣ ስድስት ቱቦዎች ለ24 ካሬ ሜትር ቢበዛ 450 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ሉመን) ይሰጣሉ፤ ግድግዳው የጠቆረ ከሆነ ግን ብርሃኑን ስለሚውጠው፣ አስቀድመው ነጭ ቀለም ይቀቡት (ከቱቦ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው)። ቱቦዎቹን ከጀርባዎ ሳይሆን ከመሥሪያ ጠረጴዛው የፊት ጠርዝ በላይ ይስቀሉ፤ አለበለዚያ የገዛ ጥላዎ ሥራው ላይ ያርፋል። የብርሃኑ ቀለም ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን (ወደ ቢጫ የማያደላ ነጭ) ቢሆን ይመረጣል።

ምላሽ 2፦ በአሮጌው ማቀፊያ መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም ባላስቱን (ወደ ፍሎረሰንቱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረውን ክፍል) አልፎ በቀጥታ በ220 ቮልት የሚሠራ ቱቦ ከገዙ ባላስቱና ስታርተሩ (ፍሎረሰንቱን የሚያስነሳው ትንሽ ክፍል) መውጣት አለባቸው። አንዳንዱ ቱቦ ፌዝና ኑልን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውንና የሚመልሰውን ሽቦ) በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሁለቱም ጫፎች ስለሚቀበል፣ በቱቦው ላይ የታተመውን ሥዕል ሳያዩ አይግጠሙ። ብሬከሩን ካወረዱም በኋላ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር ያረጋግጡ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ክብ መጋዝም አለኝ፤ የመብራቱ መርገብገብ ያሳስበኛል።

ምላሽ 2፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ደካማ ቱቦ በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ፣ የሚሽከረከር ምላጭ የቆመ ሊመስል ይችላል። ሱቅ ውስጥ በስልክዎ ካሜራ ይመልከቱት፤ ጥቁር መስመሮች ከታዩ ይተዉት።