የዳር ሰፈር ሮክ ባንዶች ፍለጋ፦ የጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የማኅበራችን ፕሮፖዛል ረቂቅ አሁን «አዳዲስ የኢንዲ ሮክ ባንዶችን በውድድር መለየት» ይላል። መስመሮቹ ሦስት ናቸው፦ ጀሞ–ሰበታ፣ አያት–ለገጣፎ፣ ቃሊቲ–ቱሉ ዲምቱ። ጊዜው ከመስቀል ማግስት ጀምሮ 12 ሳምንት። ክረምቱ አልፎ ስለሚሆን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅዳት ይቻላል። አስተያየታችሁን አምጡ።

የጀሞ መስመር፦ «ውድድር» የሚለው ይውጣ። ውድድር ከተባለ የሚመጣው በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ብቻውን የሚዘፍን ልጅ ነው። አምስት ሰው፣ ድራምና ሦስት አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ጭኖ ለአንድ ዘፈን ታክሲ የሚኮናተር ባንድ የለም። ባንዱ ወዳለበት እኛ እንሂድ።

ፍለጋውን ከድራም እንጀምር። ጊታር የትም ቤት ይገኛል፣ ድራም ግን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አይመታም። ስለዚህ በየመስመሩ ድራም ያለባቸውን ቦታዎች እንመዝግብ፦ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የወጣቶች ማዕከል፣ በሰዓት የሚከራይ የልምምድ ክፍል። ቀጥሎ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆችን እንጠይቅ። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር፣ 09 ወይም 10 የሚባለውን፣ ደጋግሞ የሚገዛውን ልጅ ሻጩ በመልክ ያውቀዋል። ከማስታወቂያ ይልቅ ይሄ ይሠራል።

የለገጣፎ መስመር፦ በዚህ እስማማለሁ፣ ግን አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ምንም ቪዲዮ ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ አይለጠፍ። እሑድ በመዝሙር የሚያገለግል ባሲስት ቅዳሜ ሮክ ሲጫወት በ15 ሰከንድ ቪዲዮ ከታየ ከአገልግሎት ሊታገድ ይችላል። እሱ ከቀረ ባንዱም ባስ የለውም። የማድመጫ ሰዓቱም ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 11 ይሁን። እሑድ ጠዋት አገልግሎት አለ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ዳር ሰፈር ታክሲ ማግኘት ፈተና ነው።

ሙዚቃ ክፍል፦ መጀመሪያ «ኢንዲ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ይጻፍ። ቃሉ የመጣው ራስን ከመቻል ነው። የማንቸስተሩ ፓንክ ባንድ ባዝኮክስ በ1977 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ሸክላቸውን በብድር ገንዘብ፣ በራሳቸው ሌብል (አሳታሚ ድርጅት) 1,000 ቅጂ አሳትመው ነው ያወጡት። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር፤ ያ ሌላ ደረጃ ነው። እኛ የምንፈልገው ገና ማንም ያልያዘውን፣ የራሱን ዘፈን የሚሠራ ባንድ ነው። ስለዚህ ከሚሰሙት ሦስት ዘፈኖች ቢያንስ ሁለቱ የራሳቸው ይሁኑ። ኮፒ አንድ ይበቃል፣ እሱም ችሎታቸውን ለመለካት ብቻ።

ባንዶቹን የምታደምጡ ይህን ልብ በሉ። ፓወር ኮርድ ሥሩና አምስተኛዋ ድምፅ ብቻ ስለሆነ በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ቅኝት መነሻ ድምፅ ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል። አንቺሆዬ ላይ ግን አምስተኛዋ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስለምትል፣ ዲስቶርሽኑ (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው) ተከፍቶ መነሻው ላይ ፓወር ኮርድ ሲመታ ከዜማው ጋር ይጣላል። ጊታሪስቱ እዚያ ቦታ ላይ ነጠላ ክር ከመታ፣ ወይም ኮርዱን ትቶ ለባሱ ከለቀቀ፣ ጆሮ አለው ማለት ነው። እኔ ከፈጣን ሶሎ ይልቅ ለዚህ ነጥብ እሰጣለሁ።

ድምፅ ክፍል፦ ናሙናው በስልክ ይቀዳ፣ ለሁሉም ባንድ በአንድ ዓይነት መንገድ። ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ፣ ከድራሙ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቆ፣ በደረት ቁመት፣ ከአምፕ አፍ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን። ጥግ ላይ አታስቀምጡት፤ ባሱ ጥግ ላይ ተጠራቅሞ ሌላውን ይውጠዋል። መጀመሪያ በጣም የሚጮኸውን አዝማች 30 ሰከንድ ቅዱና ስሙት። ከተሰነጣጠቀ ስልኩን አርቁ፣ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም። ግጥሙ ካልተሰማ የዘፋኙን ማይክ ከመጨመር በፊት የጊታሩን ድምፅ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ቀንሱት። የቃላቱ ጥራት ያለው እዚያ ነው፣ ጊታሩም እዚያው ተቀምጦበታል።

አሁን አደጋ ያለበት። ብዙ የጋራ አዳራሽ ሶኬት ግራውንድ (የመሬት መስመር) የለውም። ጊታሪስቱ ክሩን ይዞ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ይነዝረዋል። ከመጀመራችን በፊት በመልቲሜትር ከጊታር ክር እስከ ማይክ ወንፊት ያለው የኤሲ ቮልቴጅ ይለካ፤ ዜሮ አካባቢ ካልሆነ አይጀመርም። አምፖቹና ሚክሰሩ ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ዲቫይደር ይምጡ። እምምም የሚለውን ድምፅ ለማጥፋት ተብሎ የፕለጉን ግራውንድ በፕላስተር መሸፈን በፕሮፖዛሉ በግልጽ ይከልከል። ለዚያ ዲአይ ቦክስ (መሣሪያን ከሚክሰር የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ የግራውንድ ማንሻ አለ።

መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ከሶኬት ይነቀል። የሚያቃጥለው መብራቱ ሲመለስ ያለው ግፊት ነው።

ሒሳብ ሹም፦ ታዲያ ሽልማት ከሌለ በጀቱ ምን ላይ ይውላል?

የጀሞ መስመር፦ ጋሼ፣ መሣሪያ ላይ። በየመስመሩ የሚዘዋወር አንድ ስብስብ፦ ባለ 22 ኢንች ቤዝ ድራም፣ ሁለት የጊታር አምፕ፣ አንድ የባስ አምፕ፣ ባለ 8 ቻናል ሚክሰር፣ 4 ማይክ፣ 2 ዲአይ ቦክስ፣ ስታቢላይዘር። የተመረጠ ባንድ ለ8 ሳምንት በሳምንት 2 ሰዓት ልምምድ ያገኛል። ገንዘብ ለባንድ ከሰጠነው የሚያጣላቸው እሱ ነው። ወንበርና ድንኳን ከሰፈሩ እድር እንከራያለን።

ሒሳብ ሹም፦ ይሁን ልጄ። ሦስት ፕሮፎርማ አምጡልኝ፣ የድራሙ ሲምባል (የናስ ሳህኑ) ዋጋ ለብቻው ይጻፍ። ቶሎ የሚሰነጠቀው እሱ ስለሆነ መለዋወጫ በሚለው መደብ እናስገባዋለን።

የለገጣፎ መስመር፦ ስለ ቅጂ መብትም አንድ ነገር ልበል። በአዋጅ 410/1996 (ማሻሻያው 872/2007) የድምፅ ቅጂ አዘጋጅም የራሱ መብት አለው። ቀጂዎቹ እኛ ከሆንን ዝም ካልን ባለመብት ልንባል ነው። ስለዚህ ማኅበሩ በቅጂው ላይ ጥያቄ እንደማያነሳ ባንዱ ከመጫወቱ በፊት በአንድ ገጽ ይፈረም።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው አንቀጽ 2፦ «ማኅበሩ በሦስት መስመር፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ባንዶችን በልምምድ ቦታቸው ያደምጣል። በየመስመሩ ሁለት ባንድ ይመርጣል፣ ለ8 ሳምንት የልምምድ ሰዓትና መሣሪያ ያቀርባል።» የፈቃድና የመብት ቅጹን ለገጣፎ ያዘጋጅ፣ የኤሌክትሪክ ፍተሻ ዝርዝሩን ድምፅ ክፍል። ለቃሊቲ–ቱሉ ዲምቱ አስተባባሪ ገና የለንም። መልቲሜትር አንብቦ የሚረዳ ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ የምታውቁትን እስከ ዓርብ ጠቁሙ።