ክርክር፦ «በረዶ ማሟያ ነው» ለተባለው

ባርማኑ፦ ትናንት ስለ ምርቃት ኮክቴል ግብዣ ሲወራ አዘዞ የተባለው የጎንደር ተሳታፊ «ለ40 ሰው 5 ኪሎ በረዶ ይበቃል፤ በረዶ ማሟያ ነው፤ ጠጅም ኮክቴል ውስጥ አይገባም» ብሎ ጻፈ። ይህን አምኖ የሚደግስ ስለሚኖር ዝም አልልም። ግብዣው 3 ሰዓት ከቆየ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ለሰው 2፣ ከዚያ በየሰዓቱ 1 ብርጭቆ ያዝ። 160 ብርጭቆ ነው። 5 ኪሎህን አካፍለው፤ 31 ግራም፣ አንድ ፍሬ በረዶ! 30 ኪሎ ነው የሚያስፈልገው።

አዘዞ፦ ጎንደር እኮ መተማ አይደለችም። በዚህ የማታ ብርድ በረዶ የሚቆረጥመው ማነው?

ባርማኑ፦ በረዶ ለሙቀት ብቻ መሰለህ? 50 ሚሊ ጂን፣ 25 ሚሊ ሎሚ፣ 25 ሚሊ የስኳር ሽሮፕ ሼከር (ክዳን ያለው የመጠጥ መናጫ) ሙሉ በረዶ ይዞ 12 ሰከንድ ሲናጥ ከበረዶው የቀለጠ ውሃ ይጨምራል። ያ ውሃ ከሌለ መጠጡ ጉሮሮ ይልጣል። በረዶው ካነሰ ደግሞ መጠጡ ሳይቀዘቅዝ በረዶው ያልቅና ይቀጥናል። እንደ ሎሚው የሚለካ ነገር «ማሟያ» አይባልም።

ቀሃ፦ መብራት ሲጠፋስ? በረዶውን ከድግሱ 3 ቀን ቀድሞ ጀምሮ በታሸገ ውሃ እየሠሩ በላስቲክ አጥብቆ ማሰር ነው። ከዶሮና ከቅቤ ጋር ያደረ በረዶ ሽታው ብርጭቆ ውስጥ ይወጣል። ጠርሙስ የተነከረበትም ለመጠጥ አይሆንም።

ጠጅ ጣይዋ፦ እኔን ያናደደኝ የጠጁ ነው። 90 ሚሊ የጠራ ጠጅ፣ 15 ሚሊ ሎሚ፣ በረዶ፣ ከላይ 60 ሚሊ አምቦ ውሃ። ስኳር አያስፈልገውም፣ ማሩ ይበቃል። አምቦው በመጨረሻ ብርጭቆው ላይ ይፍሰስ፤ ሼከር ውስጥ ከገባ ክዳኑን ይወረውራል።

አዘዞ፦ እትዬ፣ የጠጅ ክብሩ በብርሌ ነው። አምቦ የገባበት ጠጅ ውሃ የተጨመረበት ጠጅ ነው፤ ይህን ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነው።

ጠጅ ጣይዋ፦ ልጄ፣ ነውሩ ደብቆ ማቅጠን ነው። እንግዳው እያየ የሚቀላቀል ምን ነውር አለው? ብርሌውንም ማንም አልከለከለህም፣ ጎን ለጎን ይቅረብ።

ቀሃ፦ ቀኑስ? ዓርብ ከሆነ የእንቁላል ነጭ የሚገባበት ሳወር (ሎሚ ያለው ኮምጣጣ ኮክቴል) ይቅር። ምግቡም የምስር ሳምቡሳና ቆሎ ይሁን።

አዘዞ፦ በፍስክ ቀንስ? ጥብስ የሌለበትን ድግስ ጎንደሬ ድግስ አይለውም!

ቀሃ፦ ቆሞ አንድ እጁ ብርጭቆ የያዘ ሰው በየትኛው እጁ እንጀራ ይቁረስ? ጥብሱን በትንንሽ ዳቦ፣ በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ አድርገው።

አዘዞ፦ እሱን ላስብበት። በረዶውን ግን 15 ኪሎ አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ አላልፍም።

ባርማኑ፦ 15 ኪሎ ለ160 ሲካፈል 94 ግራም። ብርጭቆው ውስጥ ለሚገባው እንኳ ጠባብ ነው። የሚናጥበትስ? ጠርሙሱ የሚነከርበትስ?