«ዓይን የሚገባ ሲቪ» ለማን ዓይን?

መቅደስ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ አንዱ «አማካሪ» ነኝ ባይ «ሥራ የሚገኘው ዓይን በሚገባ ሲቪ ነው» ብሎ ባለ ሁለት ዓምድ፣ ባለ ፎቶ፣ ችሎታን በኮከብ የሚለካ ቴምፕሌት ለቀቀ። ኤክሴል አራት ኮከብ ምን ማለት ነው? ፒቮት ቴብል (ዳታ የሚያጠቃልል ሰንጠረዥ) ይሠራል ወይስ ሴል ቀለም ይቀባል?

ናሆም፦ ምቀኝነት ነው። ሲቪ የተከመረበት ቀጣሪ እኮ ቀድሞ የሚያየው ለየት ያለውን ነው።

መቅደስ፦ ቀድሞ የሚያየው ዓይን ያለው መሆኑን ማን ነገረህ? ብዙ ድርጅት የሚቀበለው ጽሑፉን ነቅሶ በሚያወጣ ሲስተም ነው። አንዳንዱ ሁለቱን ዓምድ አግድም ያነብና «ቋንቋ»ን ከ«ሥራ ልምድ» ጋር ይቀላቅለዋል። ሄደር (የገጹ ራስጌ) ውስጥ የገባ ስልክ ቁጥርም ሊዘለል ይችላል። ፒዲኤፉን ከፍተህ ሁሉንም ኮፒ አድርግና ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርገው። ከተዘበራረቀ ለሲስተሙም እንደዚያው ሊሆን ይችላል፤ ምንም ካልመጣ ሲቪህ ምስል ነው።

ሰሎሞን፦ ሲስተሙ እንዲያገኛቸው የሥራ ማስታወቂያውን ቃላት በነጭ ፊደል መደበቅስ?

መቅደስ፦ ጽሑፉ ሲወጣ ቀለሙ አብሮ አይመጣም፤ የደበቅከው በሙሉ ለቀጣሪውም ሊታይ ይችላል።

ትርሲት፦ ቅርጹን ተዉትና ይዘቱን እንይ። ሁሉም «ሪፖርት የማዘጋጀት ኃላፊነት» ብሎ ይጽፋል። «የ3 ቅርንጫፍ ወርሃዊ ሪፖርት በአንድ ፎርም እንዲሞላ አድርጌ ከ4 ቀን ወደ 1 አወረድኩ» ቢል ምን፣ ስንት፣ እንዴት የሚለው ተመለሰ። ማስታወቂያው ደጋግሞ የጠየቀውን ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ አምጡት።

ናሆም፦ ሪሴፕሽኒስት ምኑን ትቁጠር? ፈጥራ ትጻፍ?

ትርሲት፦ በቀን የምታስተናግደው ሰው፣ የምትይዘው የስልክ መስመር፣ የምታስይዘው ቀጠሮ አለ። የተፈጠረ ቁጥርማ ኢንተርቪው ላይ «በምን ለካሽው?» ሲባል ያልቅለታል።

ሰሎሞን፦ ዝም ብላችሁ ነው፣ ሥራ የሚገኘው በሰው ነው።

ትርሲት፦ በሰውም ቢሆን «ሥራ ካለ ንገረኝ» አይባልም። የክፍት ቦታውን ሊንክና ለመስፈርቱ የሚገጥም አንድ ሥራህን በሁለት መስመር ላክለት፤ እሱም እንዳለ ያስተላልፈዋል።

ናሆም፦ ግራፊክ ዲዛይነሩስ? እሱም ዓይን አይግባ?

መቅደስ፦ ፖርትፎሊዮው (የሥራ ናሙናዎቹ ስብስብ) ይግባ። ሲቪው ላይ ሊንኩ ይበቃዋል።

ናሆም፦ እሺ ኮከቡን አወጣሁ። ፎቶውን ግን አልነካም።

መቅደስ፦ አድልዎ እንዳይባል ፎቶ ያለበትን የማይቀበል ቀጣሪ አለ እኮ።

ናሆም፦ «አለ» ማለት ስንት ነው? ቁጥር ጻፉ ስትሉን አልነበር?