የማህበራችን የአውቶቡስ ተራ ዕቅድ፦ እስከ ዓርብ መላክ አለበት

ጸሐፊ፦ ዲሲዎቹ (ዋሽንግተን ዲሲ ያሉት ለጋሾቻችን) 480 ሺህ ብሩን የሚለቁት ዕቅዱ ዓርብ ከደረሳቸው ብቻ ነው። ባለፈው የተስማማነውን አሳጥሬ ጽፌዋለሁ። አውቶቡስ ተራ መውጫው ላይ በየቀኑ ሁለት ሰው ይቆማል፣ አንዷ የግድ ሴት፣ ከቀኑ 8 እስከ ማታ 2። ደላላ ሳይቀድመን ከአገር ቤት የሚመጡትን ሴት ልጆች ማናገር። ዘመድ ያላትን ደውሎ ማገናኘት፣ የሌላትን አሳድሮ መመለስ። በር ላይ ለሚቆሙት ቢጫ ሰደርያ፣ 12 ፍሬ። አስተያየት ያለው ዛሬ ይበል።

ገንዘብ ያዥ፦ ቢጫ? ቢጫ እኮ የፓርኪንግ ልጆች ናቸው። ልጅቷ ገና ስትወርድ «መኪና የለኝም» ነው የምትለን።

ባለሱቁ፦ ቀለሙን ተወው። እኔ እዛው ነው የምውለው። ደላላው ሰደርያ የለውም፣ ያለው አፍ ነው። ከንግግሯ አገሯን ያውቃል፣ «የእናትሽ ጎረቤት ነኝ» ይላታል፣ ፌስታሏን ይቀበላታል። ፌስታሉን ከያዘ አለቀ። መጀመሪያ ሰው ቤት በሠራተኝነት ያስገባትና የወር ደሞዟን ይበላል፣ ከዛ «እዚህ ምን አላት» ብሎ ቡና ቤት ይወስዳታል። እዛ ደግሞ የአልጋ፣ የልብስ፣ የምግብ እየተባለ ይጻፍባታል። መታወቂያዋ ባለቤቲቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወንዱ የሚከፍለው ለባለቤቲቱ፣ ዕዳው የልጅቷ። እንዲያልቅም አይፈለግም።

ጠበቃው፦ ይሄ ሁሉ አዋጅ 1178/2012 ውስጥ አለ። በሰው መነገድ ለመባል ድንበር መሻገር ግድ አይደለም። አታሎ መመልመልም፣ ችግሯን መጠቀምም ይበቃል። ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ ማታለሉም መረጋገጥ የለበትም፣ «ፈቅዳ ነው» ማለትም አያዋጣም። ግን ዕቅዱ ላይ ፖሊስ የሚል ቃል አላየሁም። ልጅ ከበር ወስደን ካሳደርን እኛም ደላላ ነው የምንመስለው። ከፖሊስና ከሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ጋር ደብዳቤ ይኑረን።

ገንዘብ ያዥ፦ ይግባ። ሰደርያው ግን አረንጓዴ ይሁን።

ሊቀመንበር፦ አረንጓዴ ስንል ነገ ሌላ ትርጉም ይሰጡታል።

የአስኮው፦ ሰማያዊ?

ሊቀመንበር፦ ሰማያዊ ፓርቲ ነበር እኮ።

የአስኮው፦ ላምበረት መናኸሪያስ? የደሴ መኪና እዛ ነው የሚገባው።

ሊቀመንበር፦ ደሴ የኛ ወረዳ አይደለም።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ ልጅ ልጅ ናት!

አባል 41፦ እኔን ከደላላ ያስጣለችኝ በሩ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ ናት። 1998 ነው። ሰውየው ፌስታሌን ይዞ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ ወይ?» አለችኝ፣ ጮክ ብላ፣ ሰው እንዲሰማ። ጥሎልኝ ሄደ። አብራኝ የወረደችው ልጅ ግን ከሌላኛው ጋር ታክሲ ገብታ ነበር። ከዛ ወዲህ አላየኋትም። ቆሎ ሻጮቹንና ሊስትሮዎቹን ብትይዙ ይሻላል። እነሱ ሁሌ እዛው ናቸው።

ሊቀመንበር፦ እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ። እንግዲህ ቀለሙን እንወስን።

ባለሱቁ፦ ጋሼ፣ «እንግዲህ» ምን ማለት ነው? ሰደርያ አያስፈልግም እኮ ነው ያለችው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰደርያ የሌለው ጎረምሳ በር ላይ ቆሞ ኮረዳ ሲያናግር ማን ይባላል? ደግሞ ዲሲዎቹ ፎቶ ይፈልጋሉ። የዛን ጊዜ ያደልነው ብርድ ልብስ ፎቶ አልነበረውም፣ ይኸው እስካሁን እጠየቃለሁ።

ባለሱቁ፦ የምትጠየቀው ስለ ፎቶው አይደለም፣ ስለ ብርድ ልብሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ አፍህን ሰብስብ። ደረሰኝ አለኝ። ሌባ ልትለኝ ከሆነ በግልጽ በለው!

ሲስተር፦ ፎቶ የሚባል ነገር የለም። ፊቷ ፌስቡክ ላይ ከወጣ አገር ቤት በምን ዓይኗ ትመለሳለች?

ገንዘብ ያዥ፦ የሰደርያውን ጀርባ ነው ያልኩት። ለዛ ነው ስማችን በትልቁ ይጻፍ የምለው።

ባለሱቁ፦ እሺ፣ ተናድጄ ነው። ይቅር በለኝ። ነገር ግን 12 ሰደርያ ማን ይለብሰዋል? ቃል የገባነው አምስት ነን።

የአስኮው፦ እኔ እስከ ፋሲካ አልችልም፣ ቤት እያሠራሁ ነው።

ሲስተር፦ ማታ ማታ እይዛለሁ ያልኩት ተረኝነቴ ሳይቀየር ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሆነ አለሁ።

ጠበቃው፦ ሰደርያ፣ ባነርና የቢሮ ኪራይ ሲደመር የአስተዳደር ወጪው ከ20 በመቶ ያልፋል። በአዋጅ 1113/2011 አይቻልም።

ገንዘብ ያዥ፦ አዳራሽ ተከራይተን የግማሽ ቀን ግንዛቤ ማስጨበጫ ብናደርግና ሰደርያውን እዛ ብናድልስ? የፕሮግራም ወጪ ይሆናል።

ጠበቃው፦ ያከራክራል።

ሊቀመንበር፦ ጥሩ ሐሳብ ነው። የክፍለ ከተማ ሰዎችም ይጠራሉ።

ጸሐፊ፦ ሰዓት የለም፣ ያስተካከልኩትን ልኬዋለሁ። የግማሽ ቀን ስብሰባ ለ80 ሰው ከነ ሻዩ። ሰደርያ 40፣ ደማቅ ሰማያዊ፣ ጀርባው ላይ የማህበሩ ስም። በር ላይ መቆሙ ለጊዜው ቅዳሜና እሁድ። ቆሎ ሻጮቹ ስብሰባው ላይ ይጋበዛሉ። የፖሊሱን ደብዳቤ ጠበቃው ይጽፋል።

ጠበቃው፦ እኔ ልጻፍ አላልኩም፣ ይኑረን ነው ያልኩት።

አባል 41፦ ቆሎ ሻጭ ሥራዋን ጥላ አዳራሽ ትመጣለች?

ጸሐፊ፦ አበል ይታሰብላቸዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ከየትኛው የበጀት መደብ?

አባል 41፦ እኔ ያኔ ሰኞ ነበር የመጣሁት።

ገንዘብ ያዥ፦ ሦስት ፕሮፎርማ የሚሰበስብልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የሰደርያ ልካችሁንም ላኩ። እስካሁን ላርጅ ያለው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው።