ለቦርዱ የሚቀርብ ረቂቅ፦ በአካል ለሚሰጡ የሥነ ልቦና ቴራፒ ቀጠሮዎች የኮቪድ የጋራ ጥንቃቄ («ክፍል 1» እስከ «ክፍል 6» የሚባሉት በየክፍሉ የሚሠሩት ቴራፒስቶች ናቸው)

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ሐሙስ መግባት አለበት። ያለፈው ዓመት ረቂቅ ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ። ዘንድሮ ዋናው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለስድስቱም ክፍል የሄፓ አየር ማጣሪያ (ደቃቅ ብናኝና ቫይረስ የሚያስቀር ማሽን) ከማኅበሩ ካዝና ይገዛ። ሁለተኛ፣ ታሞ የቀረ ደንበኛ የቀጠሮውን ሒሳብ አይጠየቅ። ሌላው ዝርዝር ነው፦ ማስክ፣ በቀጠሮዎች መሀል 15 ደቂቃ ክፍተት፣ የጋራ ዕቃዎች (መጽሔት፣ የውኃ ጆግ፣ የሶፍት ካርቶን) ከክፍል ይውጡ።

ክፍል 2፦
ሁለተኛው ይቀድማል። ከ24 ሰዓት ወዲህ የሰረዘ ሙሉ ይከፍላል የሚል ደንብ ይዘን «ካመማችሁ አትምጡ» ብንል ማን ይሰማናል? ገንዘቡ እንዳይበላበት ጉሮሮውን እየከረከረው ይመጣል። ስንቱ ነው እያሳለ «አለርጂ ነው» ብሎ ፊታችን የሚቀመጠው?

ገንዘብ ያዥ፦
ባዶ የዋለ ሰዓትም ኪራይ አለው። ማን ይሸፍነው? ማጣሪያውን አልቃወምም። ግን ማሽን ገዝቶ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ፊልተሩ በየጊዜው ይቀየራል። እሱም ይጻፍ።

ክፍል 5 (ጥንዶች)፦
የሶፍት ካርቶኑ ለምንድን ነው የሚወጣው?

ጸሐፊ፦
ሁሉም እጁን የሚከትበት ስለሆነ።

ክፍል 5፦
የሚያለቅስ ሰው በምን ይጥረግ? በእጅጌው? እኔ ሶፍት በሌለበት ክፍል ሰው አላስገባም።

ክፍል 4 (ልጆች)፦
እኔ ግማሹን አሻንጉሊት ቆልፌበታለሁ። የአሸዋ መጫወቻውን ዘግቻለሁ። ልጆቹ የሚናገሩት በእሱ ነበር። አንተ ለአንድ ካርቶን ሶፍት ነው እንዲህ የምትሆነው? ደንበኛው የራሱን ይዞ ይምጣ።

ክፍል 5፦
«ሶፍትህን ይዘህ ና» ማለት «ዛሬ ታለቅሳለህ» ብሎ መቅጠር ነው። አንዳንዱ ጭራሽ ይቀራል።

ክፍል 1፦
ካርቶኑ እንዲያው ለጌጥ አልተቀመጠም። ሶፍት ስታቀብለው «በቃ፣ ዝም በል» ያልከው የሚመስለው ሰው አለ። ለዚህ ነው እጁ የሚደርስበት ቦታ የምናኖረው። ሲፈልግ ራሱ ያነሣል። ብዙዎቻችሁን ያሠለጠንኩት እንዲህ ብዬ ነው።

ክፍል 3፦
ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል። ግን አደጋው ከሶፍቱ ነው እንዴ? የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያ፣ የተበከለ ዕቃ በመንካት በኮቪድ የመያዝ ዕድል በጥቅሉ ከ10,000 አንድ በታች ነው ብሏል። የሚያሲዘን የምንተነፍሰው አየር ነው። የተዘጋ ክፍል፣ 50 ደቂቃ፣ ያለማቋረጥ ወሬ። ለቅሶ ሲመጣ ማስክ ይወልቃል። ባይወልቅም ይረጥባል፤ የረጠበ ማስክ መቀየር አለበት። ስለዚህ ትርፍ ማስክ ይዘጋጅ፣ መስኮት ይከፈት። በር ላይ ሙቀት መለካቱንም አትመኑት። ሰው ሕመሙ ሳይሰማው ሁለት ቀን ቀድሞ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ክፍል 2፦
የእኔ መስኮት የሚከፈተው ሰው ተራ በሚጠብቅበት በኩል ነው። የደንበኛዬን ገበና ደጅ ላሰጣው? ማጣሪያ የጠየቅነው እኮ ለዚህ ነው። እንዲያውም ድምፁ ወሬያችንን ይሸፍንልናል።

ክፍል 5፦
ካርቶኑ ጉዳት ከሌለው ይቆይ ማለት ነው።

ክፍል 4፦
እኔም አሸዋዬን ልክፈት እንግዲያው?

ክፍል 5፦
እህቴ፣ ዝጊ ያለሽ የለም።

ክፍል 4፦
አንተው ነህ ያልከው! ቃለ ጉባኤው አለ። «ልጆች የነኩትን ሁሉ ዝጉ» ብለህ እጅ አስወጣህብኝ። ዛሬ ወደ አንተ ጠረጴዛ ሲመጣ ነው ሰው ያለቀሰው?

ክፍል 5፦
ያኔ የምናውቀው ሌላ ነበር። አሁን ክፈቺ፣ እኔ የመጀመሪያው ደጋፊሽ ነኝ።

ክፍል 1፦
ተዉ እንጂ። ልጆቹም አዋቂዎቹም የእኛው ናቸው።

ክፍል 6፦
የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ አለኝ፤ የተነፈስነው አየር ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደተጠራቀመ ያሳያል። ደጅ ከ400 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 400 እጅ) ትንሽ ከፍ ይላል። ክፍል ውስጥ ከ800 ካለፈ አየሩ በደንብ አይቀየርም ማለት ነው። ስድስቱንም ክፍል ለክቼ፣ የማጣሪያውን ዋጋም አጠያይቄ ማክሰኞ አመጣለሁ።

ክፍል 3፦
ጎሽ። ሰው እያለ ለካ፤ ባዶ ክፍል ምንም አይነግርህም። ደግሞ ሄፓ ቫይረሱን ያስቀራል እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አይቀንስም። ቁጥሩ ካልወረደ ማሽኑ አይሠራም እንዳትሉ።

ጸሐፊ፦
ማክሰኞ አልፏል። ክፍል 6፣ ልኬቱስ? ዋጋውስ?

ጸሐፊ፦
ክፍል 6?

ገንዘብ ያዥ፦
ዋጋ የሌለው ጥያቄ ቦርድ ፊት አላቀርብም። የምፈርመው እኔ ነኝ። ማጣሪያው «ወደፊት ይጠናል» ተብሎ ይግባ።

ክፍል 4፦
ስለ ሶፍቱ አንድ ሐሳብ አለኝ። ትንንሿን፣ የኪሷን ፓኬት እንግዛ። ወንበሩ አጠገብ አንድ ትቀመጥ፣ የነካት ይዟት ይሂድ። በእግር የሚከፈት ባለክዳን ቆሻሻ መጣያም ይጨመር።

ክፍል 5፦
እስማማለሁ። ከካርቶኑም ይሻላል። ሰው ከክፍሉ ወጥቶም ያለቅሳል። ብቻ ሽቶ የሌለው ይሁን፤ ሽታው ማስክ ሥር ያፍናል።

ገንዘብ ያዥ፦
ይኼ ከጽሕፈት ዕቃ በጀት ይወጣል። ቦርድም አያስፈልገው።

ጸሐፊ፦
እንዲህ ጽፌዋለሁ። አንድ፣ የኪስ ሶፍትና ባለክዳን መጣያ ለስድስቱም ክፍል። ሁለት፣ ትርፍ ማስክና የ15 ደቂቃ ክፍተት። ሦስት፣ የልጆች አሸዋ ይከፈት፣ ከመግባትም ከመውጣትም በፊት እጅ ይታጠቡ። አራት፣ የሕመም ስረዛ ሒሳብ እንደ ቴራፒስቱ ውሳኔ። አምስት፣ ማጣሪያ ወደፊት ይጠናል።

ክፍል 2፦
አንደኛ የነበረው አምስተኛ ሆነ። ሁለተኛው «እንደ ውሳኔው» ሆነ። ለዚህ ነበር የተሰበሰብነው? ያው አየር ውስጥ ተቀምጠን ሶፍት ልናከፋፍል ነው።

ክፍል 3፦
ዋጋውን እኔ ላምጣው፣ ግን ለሐሙስ አልደርስም።

ጸሐፊ፦
ለሐሙስ ካልደረሰ ለሚቀጥለው ስብሰባ ነው።

ክፍል 2፦
እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ክፍል 2 የታመመን አያስከፍልም። ጠዋት ደውሎ «አሞኛል» ያለ በቃ፣ በስልክ አየዋለሁ፣ ወይ ቀን እቀይርለታለሁ። በሩ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
የኪራይ ድርሻሽ አይቀነስም።

ክፍል 2፦
ይቀነስልኝ አላልኩም።