ለ1966 ቮልስ የገዛሁት ፍሪሲዮን አልገጥም አለ፤ ምን ላድርግ?

ባለ ቮልሱ (ደሴ፣ ሮቢት)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ የወረስኩት ቮልስ አለኝ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1966 ሞዴል ነው፣ ሞተሩ 1300፣ ባትሪው ባለ 6 ቮልት። ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው) ዳገት ላይ መንሸራተት ስለጀመረ አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ሙሉውን ዕቃ በስልክ አዘዝኩ፤ ዲስኩን፣ ዲስኩን የሚጫነውን ስፒንጊዲስኮ፣ ፔዳሉ ሲረገጥም ስፒንጊዲስኮውን የሚገፋውን ኩሽኔታ። የፊት ፍሬን ሸራም ጨመርኩበት። የሻንሲ ቁጥሩንና የአሮጌውን ዲስክ ፎቶ ልኬለት ነበር። «ኦሪጅናል የጀርመን ነው፤ ቮልስ ሁሉ አንድ ነው» አለኝ። ገንዘቡን በባንክ ካስገባሁ በኋላ ዕቃውን በአውቶቡስ ላከው።

መጀመሪያ የፍሬን ሸራው ተገጠመ። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሽታ መጣ፣ መሪው ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። እየተንቀረፈፍኩ ደርሼ ሲፈታ ሸራው ከተለጠፈበት ብረት ተላቆ ተገኘ። ከዚያ ሞተሩ ወርዶ ፍሪሲዮኑ ሲሞከር ዲስኩ ዘንጉ ላይ በደንብ ገባ፣ ስፒንጊዲስኮው ግን ከቮላኖው (ሞተሩ ጫፍ ላይ ካለው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ይሰፋል፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹም አይገናኙም። የአሮጌው ዲስክ ስፋት 180 ሚሊ ሜትር፣ የአዲሱ 200 ነው።

ሻጩ ጋ ስደውል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ መካኒክህ አይችልም» ብሎ ዘጋብኝ። መካኒኬ ደግሞ ቶርኖ ቤት ወስደን ቮላኖውን አዲስ ቀዳዳ እናስበሳው ይላል። ይሆናል? ገንዘቤንስ ማስመለስ እችላለሁ?

የጦሳ ሥር

ኮሮላ ግዛና ተገላገል።

አሮጌው መካኒክ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ ቶርኖ ቤት እንዳትሄድ። የአንተ ቮላኖ ዲስኩ የሚያርፍበት ገጽ ለ180 የተሠራ ነው። ቀዳዳ ስለቀየርክ ገጹ አይሰፋም፤ ዲስኩ ጠርዙ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ መልሶ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ቮላኖህም የለም፣ ገንዘብህም የለም።

«ቮልስ ሁሉ አንድ ነው» የሚለውን ስንት ዓመት ሰማሁት! እስከ 1966 ሞዴል ያሉት ባለ 6 ቮልቶች ቮላኖአቸው 109 ጥርስ ነው፣ ፍሪሲዮናቸው 180። ባለ 12 ቮልቶቹ 130 ጥርስና 200 ናቸው። የዲስኩ የመሐል ጥርስ ግን በሁለቱም አንድ ስለሆነ ዘንጉ ላይ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። የባለ 12 ቮልቱን ቮላኖ ገዝቼ ልግጠም ብትልም በአሮጌው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ውስጥ ቤቱን ሳትሞርድ አይዞርልህም፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ጣጣ አለበት።

የላከልህን ስፒንጊዲስኮ መሐሉን እየው። ኩሽኔታው የሚገፋው ክብ ቀለበት አለው ወይስ የለውም?

ባለ ቮልሱ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቮላኖውን ጥርስ ቆጠርን፤ እንዳሉት 109 ነው። አዲሱ ስፒንጊዲስኮ ቀለበት የለውም፣ ጣቶቹ ብቻ ናቸው። አሮጌው አለው።

አሮጌው መካኒክ (ኮምቦልቻ)

እንግዲያውስ ከ1971 ሞዴል ወዲህ ለመጣው ካምቢዮ የተሠራ ነው። ኩሽኔታው እንኳ የአንተ ላይ አይቀመጥም። ሰውየው የላክህለትን ፎቶ ከፍቶም አላየ።

ጋራዥ ጎረቤት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ጋሼ ካሉት ላይ ልጨምር። የ12 ቮልቱ ዕቃ በየቦታው የሚገኘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ በፈረንጅ እስከ 2003 ሲሠራ ስለነበር ለኋለኞቹ ሞዴሎች ዕቃ የሚያመርት ብዙ ነው። ለ6 ቮልቱ የሚያመርት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሻጭ እጁ ላይ ያለውን ይሰጥሃል። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ዕቃው ራሱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና የተሠራበትን አገር ፎቶ አስነሥተህ ሳታይ ከእንግዲህ ብር አታስገባ።

በነገራችን ላይ ሞተሩ ያልተቀየረ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ? የእኛ አገር ቮልስ ስንት ሞተር አይቷል።

ባለ ቮልሱ

ከኋላ ወንበር ሥር ያለው የሻንሲ ቁጥር በ116 ይጀምራል። ዲናሞው ከቆመበት በታች ያለው የሞተር ቁጥር ደግሞ በኤፍ።

ጋራዥ ጎረቤት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ሦስተኛው አኃዝ 6 የ1966 ሞዴል ማለት ነው፣ ኤፍ የ1300። የሚያምር መኪና ይዘሃል፤ ሞተርና ሻንሲ የሚዛመድ ቮልስ በቀላሉ አይገኝም።

የሆጤ ልጅ

ወንድሜ፣ የገንዘቡን ነገር ልንገርህ፤ እኔም በፍሪጅ ምክንያት ተጨቃጭቄበታለሁ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ መናገር ሕግ አያደርገውም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከገዛህበት ነውና ዛሬውኑ ጀምር። በስልክ መጨቃጨቁን ትተህ በጽሑፍ መልእክት «ያዘዝኩት ለዚህ ሻንሲ ቁጥር ነው፣ የመጣው ሌላ ነው፣ ገንዘቤን መልስ» ብለህ ላክለት። ደረሰኝ ሰጥቶሃል?

ባለ ቮልሱ

ደረሰኝ የለም። የባንኩ ማስረጃና የተጻጻፍነው ሁሉ ግን አለ።

የሆጤ ልጅ

የሻንሲ ቁጥሩን የላክህበት መልእክት ካለ ትልቁ ነገር በእጅህ ነው። ደረሰኝ አለመስጠቱ ደግሞ የእርሱ ጭንቀት ነው፤ አቤቱታው ፈቃድ ወዳወጣበት ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ይህንንም በትህትና ጻፍለት። የእኔው ሻጭ እዚህ ላይ ሲደርስ ነው ድምፁ የለዘበው። ዕቃውን ግን ገንዘቡ ሳይገባ በአውቶቡስ መልሰህ እንዳትልክ፤ ሰው ይዞ ይሂድልህ።

የሐረጎ ሾፌር

ሁላችሁም ስለ ፍሪሲዮን ታወራላችሁ፤ እኔን ያስደነገጠኝ ሸራው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያች ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። መጥፎ ማጣበቂያ ያ ሙቀት ሲነካው ይለቃል። ፍሪሲዮን ቢበላሽ መንገድ ዳር ትቆማለህ፤ ሸራ ሲላቀቅ ግን ከፊትህ የጭነት መኪና፣ ከጎንህ ገደል ነው። የአሮጌው ሸራ ብረት አልተጣለ እንደሆነ በእርሱ ላይ አዲስ ሸራ በሪቬት አስመታበት እንጂ ሌላ የተለጠፈ አትግዛ። ስትወርድም በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዝልህ፣ እግርህን ፍሬን ላይ አታስተኛ።

ባለ ቮልሱ

ብረቶቹ አሉ፤ ሸራውን ነገ አስመታለሁ። ለሻጩ እንደተባልኩት ጻፍኩለት፤ «የፍሪሲዮኑን እመልሳለሁ፣ ሸራው ግን ተሠርቶበታል» አለ። የሸራውንም አልተውለትም። አሁን የቀረኝ 180ው የሚገኝበት ቦታ ነው።

ጋራዥ ጎረቤት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መርካቶ ሶማሌ ተራ አሮጌ ዕቃ የሚፈቱትን በሰው አስጠይቅ፤ ቁጥሩን ሳይሆን አሮጌውን ስፒንጊዲስኮ ራሱን አስይዘህ ላክ።

አሮጌው መካኒክ (ኮምቦልቻ)

ከዚያ በፊት እኔ ጋ ና። ቤቴ ከተፈታ ባለ 1200 ሞተር ቮልስ የወጣ የ180 ስፒንጊዲስኮ አለ፤ ጣቶቹ ደህና ናቸው፣ ምንጩም አልሞተም። ዲስኩ ያለቀ ስለሆነ ሸራ ማስመታት ይፈልጋል፤ እርሱን የሚሠራ ሰው እዚሁ ኮምቦልቻ አለ። ቮላኖህን ፈትተህ አምጣው፣ ገጹ ተቃጥሎ እንደሆነ ሳላይ አልሰጥህም። ጓርኒሲዮኑንና የኋላውን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ጎማ) አዲስ ግዛ፤ ሞተሩ ከወረደ ወዲያ አሮጌውን መልሰህ ብትገጥም ዘይት ፍሪሲዮኑ ላይ ይፈስና ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት አለሁ፤ ከሰዓት ለቅሶ አለብኝ።